እትዬ ያላስፈካችው ሆስታ

እትዬን ከሆስፒታል ያወጣናት ቀን ዝናቡ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ይመስላል፤ ንፋስ የለም። ፀሐይ ወጥታለች፣ ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት አልነበራትም። ብርዱ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነው። ጎረቤቶቻችን የደረቀውን ነቅለው፣ ቅጠሉን ጠርገው፣ ግቢያቸውን ለብርዱ አዘጋጅተው ጨርሰዋል። የእኛ ግቢ ብቻ እንደተተወ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስመላለስ፣ መጥረጊያ የያዝኩት የማጸዳውን ትምህርት ቤት ወለል ለመጥረግ ብቻ ነው።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እሱ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ እላታለሁ። ባል አላገባችም፤ እኔ ወደዚህ ቤት ስገባ በኋላው ክፍል ውስጥ ነበረች፣ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። የዩኒፎርም መስፊያ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ቆራጭ ሆና ስለሠራች የሥራ ባልደረቦቿ "መቀሷ" ነበር የሚሏት። ስሙ ሰፈርም ደርሷል። ጡረታ ከወጣች በኋላም መቀሷ ከኪሷ አይለይም። የሰው ቀሚስ ላይ ክር ተንጠልጥሎ ካየች ሴትየዋን መንገድ ላይ አስቁማ ትቆርጥላታለች።

ያን ቀን ባሌ በክንዱ ደግፏት ከታክሲ ወረደች። ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሰው ሲደግፍም መሪ የያዘ ይመስለዋል።

"ቀስ በል እንጂ" አለችው። "ሰው እኮ ነኝ፣ ኩርባ አይደለሁም።"

"ልብሽ እንጂ ምላስሽ አልታመመም፣ ተመስገን" አላት።

የግቢውን በር ከፍቼ ገባን። ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆመች። መጀመሪያ የደከማት መስሎኝ ወንበር ላመጣ ስል አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው ዞር አድርጋ አየኋት። ሽታው እኔንም የመታኝ ያኔ ነው። የማር ነው እንዳልል ማር አይደለም፤ ንጹሕ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጣፋጭ ሽታ።

በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ፀሐይ የማያየው፣ ሁለት ክንድ የማይሞላ መሬት አለን። እዚያ ያለው ተክል ሆስታ ይባላል። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው፣ ጥላ ይወዳል፣ ከዓመት ዓመት ከዚያው ሥር ይነሳል። ያን ሰሞን ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ቢጫ ሆኗል፣ ቀንድ አውጣም በልቶት ወንፊት አድርጎታል። ከዚያ ከተበሳሳው ቅጠል መካከል ግን ረጃጅም ዘንጎች ወጥተዋል። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ነጭ አበባ፣ ጥሩምባ የመሰለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ታች ያሉት ፈክተው ረግፈዋል፣ መካከለኞቹ ክፍት ናቸው፣ ጫፍ ላይ ያሉት ገና እምቡጥ ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ ያን ጊዜ ሌላ አበባ አልነበረም።

"ማነው ሳይቆርጠው የቀረ?" አለች እትዬ።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ደክሞኝ ነው፣ እትዬ። ዛሬ እቆርጣለሁ ነገ እቆርጣለሁ ስል ቀረ።"

እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። ምክንያቱም ሆስታውን መቁረጥ የቤቱ ሕግ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ዘንጉ ገና አንገቱን ብቅ ሲያደርግ እትዬ መቀሷን ይዛ ትወጣና ከሥሩ ትቆርጠዋለች። ለምን ስንላት "አበባው ቅጠሉን ይበላዋል" ትለናለች። የጨርቅ ሰው ስለሆነች ስለ ቅጠልም የምታውቅ መሰለን። ቀኝ ጎረቤታችን እንኳ ከእትዬ ሥር ወስዳ ተክላ ስታበቃ "መቀሷ ብላለች" እያለች የራሷን ስትቆርጥ ኖራለች። የገዛ ግቢዬ ውስጥ ያለ አበባ ነጭ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አልተቆጣችም። "ወንበር አምጪልኝ" አለች።

"ውስጥ ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል" አላት ባሌ።

"ይምታኝ።"

ወንበር አመጣሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ባሌ አውቶቡሱን የሚረከብበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር እየተነጫነጨ ሄደ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ቅጠል መጥረግ ጀመርኩ። ግቢው ሊጠረግ የሚገባው ስለነበር እንጂ እሷን ልሰልል አይደለም። ትንሽ እንደቆየን ጉንጯ ርሶ አየሁ። እትዬ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቷ ስትሞት እንኳ የእንግዳ ወንበር ስትቆጥር ነው የዋለችው።

"መጥረጊያውን አስቀምጪና ተቀመጪ" አለችኝ። "ሐኪሙ ለአንቺም ነግሮሻል አይደል? ልቤ ዓመትም ሊያቆየኝ ይችላል፣ ሳምንትም።"

"እሱ ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው።"

"ለሁሉም ይበል። እኔ ሳልናገረው መሄድ የማልፈልገው ነገር አለ።"

የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፈው።

ድርጅቱ ውስጥ አንዲት ጨርቅ አንጣፊ ነበረች። ሥራዋ ከጥቅሉ ጨርቁን እየዘረጋች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ መደራረብ ነው። እትዬ ከላይ በካርቶን ቅርጹን ትስላለች፣ ከዚያ በመቁረጫው ማሽን ድርቡን በሙሉ አንዴ ትቆርጠዋለች። ሁለቱ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሠርተዋል። ምሳቸውን በአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። እትዬ ሳቅ የምትለው አንጣፊዋ ካለች ብቻ ነበር አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ የዝናቡ መጀመሪያ ላይ፣ አንጣፊዋ ከቤቷ አንድ ሥር በቆርቆሮ ይዛላት መጣች። ሆስታው እሱ ነው። "አበባው የሚመጣው የሌላው ሁሉ አበባ ካለቀ በኋላ ነው፣ ታገሺው" አለቻት።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል፣ የአንድ መቶ ሃያ ሸሚዝ ሥራ በጥድፊያ መጣ። ጨርቁ ፊትና ጀርባው የተለያየ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲነጠፍ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያለው ፊቱን ወደ ታች ይደረጋል፤ ያኔ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ ግራም ቀኝም እጅጌ ይወጣል። ግን እየገለበጡ ማንጠፍ ጊዜ ይፈጃል። እትዬ ቸኩላ ነበር።

"አትገልብጪ፣ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጊው" አለቻት አንጣፊዋን። "እኔ ካርቶኑን ገልብጬ ሁለተኛውን እስላለሁ።"

አንጣፊዋ እንደተባለችው አነጠፈች። እትዬ አንዱን እጅጌ ሳለች፣ ሁለተኛውንም ሳለች፣ ካርቶኑን ግን ሳትገለብጠው ቀረች። ማሽኑን አስነስታ ቆረጠችው። ሁለት መቶ አርባ እጅጌ፣ ሁሉም የግራ።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ የቀኙን እጅጌ ልትገጥም ብትሞክር እምቢ አላት። ሌላ አነሳች፣ እሱም እምቢ አለ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ።

"ማነው እንዲህ አድርጎ ያነጠፈው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለች አንጣፊዋ። "ፊቱን ወደ ላይ አድርጊ ያለችኝ መቀሷ ናት።"

ኃላፊው ወደ እትዬ ዞረ። "ብለሻታል?"

"አላልኩም" አለች እትዬ።

"በቃ ይቺን ቃል ነው ያወጣሁት" አለችኝ፣ ብርድ ልብሱን እየጠቀለለች። "አላልኩም። ከዚያ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ክር ያላበላሸሁ ሰው ስለነበርኩ አመኑኝ። እሷን በዚያው ቀን አሰናበቷት። ከበር ስትወጣ አንዱ ደደብ ‘ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው ካገኘን እንጠራሻለን’ አላት፣ ሁሉም ሳቀ። እኔ ካርቶን የማስተካክል መስዬ አንገቴን ደፋሁ።"

"እሷ ምን አለች?"

"ዞራ አየችኝ።"

ያን ሳምንት ሆስታው የመጀመሪያውን ዘንግ አወጣ። እትዬ ልትነቅለው ፈልጋ እጇ እምቢ አላት፤ ሲያብብ ማየትም አልቻለችም። ስለዚህ ዘንጉን ቆረጠችው። በሚቀጥለው ዓመትም ቆረጠችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አበባው ቅጠሉን ይበላዋል የሚለው ለእኛ የተፈጠረ ወሬ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ሰው የሚያጽናና ቃል ደግሞ እዚያም አላስተማሩኝም። "ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?" ብቻ አልኳት።

"አግኝቼ ልነግራት።"

"እሷ እኮ ታውቀዋለች፣ እትዬ።"

"እሷ ታውቀዋለች። ከእኔ አፍ ግን አልወጣም።"

ባሌ ማታ ሲሰማ ምግቡን ገፋ አደረገው። "አብደሻል? የሃያ ዓመት ነገር! ሐኪሙ አትደንግጪ፣ ደረጃ አትውጪ ብሎሻል። ሴትዮዋ ብትሰድብሽስ? እዚያው ደረትሽን ይዘሽ ብትወድቂስ?"

"ከወደቅሁ ትሰድበኛለች፣ ካልወደቅሁም ትሰድበኛለች።"

"አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ?" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

"እኔ ምን ልበል? እህትህ ናት።"

"አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴት ሲስማሙ እኔ ምን አቅም አለኝ" ብሎ ሳህኑን መልሶ ሳበው።

በማግስቱ እትዬ ድርጅቱ ውስጥ ልብስ ይተኩስ ወደነበረው ካውያ ተኳሽ ደወለች። እሱ የሁሉንም አድራሻ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማን የልጅ ልጅ እንዳየ ከእሱ ይገኛል። አንጣፊዋ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አሁን ሴት ልጇ ጋ ናት፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው አላት። ሦስተኛ ፎቅ የሚለውን ለባሌ አልነገርነውም።

ስምንት ቀን ጠበቅን። እትዬ በቀን ሁለት ጊዜ የእኛን አራት ደረጃ እየወጣች እየወረደች እግሯን ታለማምዳለች። መሄጃችን ቀን ጠዋት ሆስታው ላይ ገና ሦስት አራት አበባ ነበር።

"ቆርጠን እንውሰድላት?" አልኳት።

"ተዪው። ነገሩን በአበባ ልሸፍነው ነው እንዴ?" አለች። መቀሷንም ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች። ያለ መቀስ ከቤት ስትወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደረጃውን ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። በየመታጠፊያው በያዝኩት ትንሽ በርጩማ ላይ አስቀምጣታለሁ። አንድ ሰውዬ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ አይቶን "ዕቃ እያጓጓዛችሁ ነው?" አለ። እትዬ "አዎ፣ የሚሰበር ዕቃ ነው፣ መንገድ ልቀቅ" አለችው።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት፤ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት። የእናትሽ የጥንት የሥራ ባልደረባ ናት ስላት አስገባችንና ወደ ማጀት ተመለሰች። አንጣፊዋ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትሪ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከዓይኗ ይልቅ በጣቷ ነበር የምትለቅመው። ቀጭን፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሴት ናት።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ።

ጣቷ ትሪው ላይ ቆመ። "መቀሷ" አለች። "አልሞትሽም?"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ያ ሁሉ ሥጋሽ የት ሄደ?"

"ሆስፒታል ወሰደው።"

"ተቀመጪ። እዚህ መጥተሽ ሞትሽ እንዳይሉኝ።"

እትዬ ተቀመጠች። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማዬን ታቅፌ ቆምኩ። ልቤ ይመታ ነበር፣ የእሷ ልብ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ ትጠይቃታለች ብዬ ስጠብቅ እትዬ ቀጥታ ገባችበት።

"ያን ቀን ፊቱን ወደ ላይ አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ካርቶኑን ሳልገለብጥ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። አላልኩም ያልኩት ውሸት ነው።"

አንጣፊዋ ትሪውን ከጭኗ ላይ አንስታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች።

"እና ይህን ለእኔ ልትነግሪኝ ነው ሦስት ፎቅ የወጣሽው?" አለች። "ስትናገሪ የሰማሁሽ እኮ እኔ ነኝ፣ አንቺ ሴት! ለእኔ ዜና ነው?"

"ያልሰማው ባሌ ነው" አለች አንጣፊዋ። "እሱ ነበር መስማት የነበረበት። ያን ለት ስነግረው አላመነኝም። ‘አንድ ሙሉ ድርጅት ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ነሽ?’ አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስሜ ‘ግራ እጅጌ’ ሆነ። ወጥ ካረረ ግራ እጅጌ። ቁልፍ ከጠፋ ግራ እጅጌ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ለቀልድ ብሎ ነው። እስኪሞት ድረስ ግን ቀለደብኝ። ልጆቹም ከእሱ ለመዱት። እኔም በመጨረሻ ስሜ ነው ብዬ አቤት ማለት ጀመርኩ።"

"አላወቅኩም" አለች እትዬ ቀስ ብላ።

"በምን ታውቂያለሽ? መጥተሽ አታውቂ።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልጇን ጠራች። ልጅቷ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ መጣች። "በይ፣ ለእሷ ንገሪያት" አለቻት እትዬን። "ለእኔ የነገርሽኝን። ደግሞ አሳጥረሽ አታምልጪ።"

እትዬ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች። ተቀመጪ ብዬ በዓይኔ ብለምናትም አላየችኝም። ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጨርቁ ፊትና ጀርባ እንደነበረው፣ እናቷ እየገለበጠች ልታነጥፍ ስትል እሷ እንደከለከለቻት፣ ካርቶኑን በየትኛው እጇ ይዛው እንደነበር፣ ኃላፊው ምን ብሎ እንደጠየቃትና ምን ብላ እንደመለሰችለት። እየቆየች ትተነፍሳለች፣ ግን አላቋረጠችም።

ልጅቷ አረፋው ከጣቷ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ሰማቻት።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?" አለቻት።

"መጀመሪያ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። በማግስቱ ‘ትናንት ለምን አልተናገርሽም’ እንዳልባል ፈራሁ። ከዚያ ቀን በጨመረ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ወደ ማጀት ተመለሰች። የቧንቧው ውኃ ሲወርድ ይሰማናል፣ ዕቃ የሚታጠብበት ድምፅ ግን አልነበረም። ውኃው ብዙ ወረደ። አንጣፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠበቀች፣ እኛም ጠበቅን። በኋላ ውኃው ቆመና ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ መጣች፤ እናቷ ፊት ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘቻት።

"እማዬ" አለች። "እኔም እኮ እልሽ ነበር።"

"ትይኝ ነበር።"

"ትናንትና እንኳ ብዬሻለሁ፣ ስኳሩን ስትደፊው።"

"ስኳሩንማ ደፍቼዋለሁ" አለች አንጣፊዋ፣ እጇን ግን አልነጠቀቻትም።

ስንሄድ እትዬ በሩ ጋ ቆመች። ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል ሙሉ መንገዱን ስታጠናው ነበር የመጣችው፣ አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አሁን ተናገረችው። አንጣፊዋ ትሪዋን መልሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስሯን ጀምራለች።

"ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ዛሬ ከልቤ አይደለም" አለቻት። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስጠብቀሽኛል፣ አንቺም ትንሽ ጠብቂ። ሻይ እንኳ ሳትጠጪ ነው የምትሄጂው። ሌላ ቀን ነይ።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ ልጄ ቤት ትውላለች። ማክሰኞ ነይ።"

ስንወርድ እትዬ በርጩማው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀመጠችው። ቤት ስንደርስ ባሌ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ካውያ ተኳሹ ጋ ደውሎ አረጋግጧል። ሁለታችንንም እንደ ልጅ ተቆጣን፣ ከዚያ ምሳ አቀረበልን። እሱ ምሳ ሲያቀርብ በትዳራችን ሁለተኛ ጊዜው ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ሐኪሙ አሁንም ያንኑ ይላታል። እትዬ በኋላው ክፍል ከእኛ ጋር ናት፤ ክኒኗን ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የምሰጣት። በየማክሰኞው አንጣፊዋ ጋ ትውላለች። ምስር ይለቅማሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ልጅቷ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ይቅርታውን እስካሁን አልሰማችም፤ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እዚያ ናት። ባሌ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጣ ያመጣታል።